እትዬ ላጲስ እና የባሕሩ መጽሐፍ

እድፍ ካየች እጇን ያሳክካታል። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ነበረች። ሰው ቤት ተጠርታ ስትቀመጥ ዓይኗ አስቀድሞ የሚያርፈው ከሰዎቹ ፊት ላይ ሳይሆን በጠረጴዛው ልብስ ጥግ ከደረቀችው ጠብታ ላይ ነው። «ይቺ እኮ በሎሚ ትለቃለች» ልትል አፏን ስትከፍት ባሏ ከጠረጴዛው ስር እግሯን ይረግጣታል። «የተጠራነው ልንበላ ነው ልናጥብ?» ይላታል ወደ ቤት ሲመለሱ።

ሥራዋም ይኸው ነው። በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ቱቦዎች ከጣሪያው ስር ተጠላልፈው በሚያልፉበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ እድፍ አስለቃቂ ናት። ማሽኑን የሚሞሉ ሌሎች አሉ፤ የሚተኩሱ ሌሎች አሉ። ወደ እሷ ጠረጴዛ የሚመጣው ማሽን ያቃተው ነው፤ የከንፈር ቀለም የነካው የትራስ ልብስ፣ ወይን የፈሰሰበት አንሶላ፣ ዝገት የበላው ፎጣ። የሁሉንም መድኃኒት ታውቃለች።

«አንቺ እኮ ቢሰጡሽ የሰው ኃጢአት ሳይቀር ታስለቅቂያለሽ» ትላታለች ተኳሿ፣ የልብ ጓደኛዋ፣ ከእንፋሎቱ መሃል ብቅ ብላ።

«ኃጢአት ምን አለው! አስቸጋሪው ዝገት ነው።»

መጽሐፍ የወደደችው ዘግይታ ነው። ትምህርቷን ገና በልጅነቷ አቋርጣ ፊደሉ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ታነባለች፣ የደሞዝ ወረቀቷን ታነባለች፣ ከዚያ አያልፍም። አንድ ቀን ግን ከላይኛው ፎቅ በአንሶላ ጥቅልል ውስጥ አንድ ልብ ወለድ ተጠቅልሎ ወረደ። እንግዳው ክፍሉን ለቆ ሄዷል፤ መጽሐፉን የሚጠይቅ የለም። ምሳ ሰዓት ላይ ከማድረቂያው ሙቀት አጠገብ ተቀምጣ፣ ጣቷን ከመስመሩ ስር እያስኬደች ጀመረችው። ስትጨርሰው ሌላ አማራት።

በስልክ መግዛትን ያሳየቻት ተኳሿ ናት። ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡበት ቻናል ነው። ሻጩ መጻሕፍቱን ወለል ላይ ደርድሮ ፎቶ ያነሳና ይለቃል፤ ቀድሞ «ያዝልኝ» ብሎ የጻፈ ይወስዳል፣ የዘገየ ይቆጫል። የተገዛውን ሞተረኛ እቤት ድረስ ያመጣዋል። ሰውየው ራሱ የሚገዛው በካርቶን ነው። ቤት የሚለቅ፣ ወይም ሰው የሞተበት፣ ሲጠራው ይሄድና ውስጡን ሳያገላብጥ በጅምላ ተሸክሞ ይመለሳል። ስለዚህ ደንበኞቹ «ጋሽ ካርቶን» ይሉታል፤ እሱም ወዶ ተቀብሎታል።

የመጀመሪያው መጽሐፏ ሲደርሳት ደነገጠች። ሽፋኑ በእጅ ወዝ ጠቁሯል፣ በገጾቹ መሃል ፍርፋሪ አለ፣ አንዱ ገጽ ላይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ክብ ጥሎ ሄዷል።

«የሰው ልብስ ገዝቶ ሳያጥብ የሚለብስ አለ?» አለችው ባሏን።

እሱ አናጢ ነው። መጽሐፉን ገለበጠና «መጽሐፍ ይለበሳል እንዴ?» ብሎ መለሰላት።

አልሰማችውም። የዳቦ ልብ ድቡልቡል አድርጋ ወዙን አነሳችው። የቅባቱን ምልክት ዱቄት ነስንሳበት፣ በላዩ ንጹሕ ወረቀት ደርባ፣ ለብ ባለ ካውያ አስመጠጠችው። እስክሪብቶ እንደ ዝገት ነው፣ አይሸነፍም። እርሳስ ግን ይሸነፋል፤ ለስላሳ ላጲስና ቀላል እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሲያልቅ፣ ሳይጸዳ የነበረውንና ከጸዳ በኋላ ያለውን ገጽ ጎን ለጎን አድርጋ ቻናሉ ላይ ለጠፈች። ሰዉ ተንጫጫ። «ይሄ ተአምር ነው!» «ጋሽ ካርቶን፣ ይቺን ሴት ቅጠራት!» «እትዬ፣ ባሌንም ላምጣልሽ?»

ከዚያ ወዲያ «እትዬ ላጲስ» ሆና ቀረች። ስሙን ወደደችው። አንሶላ ነጭ ሲሆን ማን አጠበው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እዚህ ግን የማታውቃቸው ሰዎች እጅሽን ይባርከው ይሏታል። ምስጋና ክፉ ነገር ነው፣ ይለመዳል። ውሎ አድሮ መጽሐፍ ስትመርጥ ዓይኗ ከርዕሱ ይልቅ ቆሻሻው ላይ ያርፍ ጀመር።

የባሕሩ መጽሐፍ የመጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። አንድ ሽማግሌ መርከበኛ ያየውንና አየሁ የሚለውን የሚያወራበት ወፍራም መጽሐፍ ነው። «ያዝልኝ» ብላ ሁሉንም ቀደመች። ስትከፍተው ዳር ዳሩ ሁሉ በእርሳስ ተሞልቷል። ከላይም ከታችም፣ አንዳንዱ ቦታ በመስመሮቹ መሃል ሳይቀር። ጽሕፈቱ የተንጋደደና የሚንቀጠቀጥ ነው።

«የማን ባለጌ ነው መጽሐፍ ላይ እንዲህ የሚሞነጫጭር!» አለች።

አላነበበችውም። እድፍ አይነበብም።

በእረፍት ቀኗ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ከሁሉ የባሰውን ገጽ መርጣ ፎቶ አነሳችና ላጲሷን አንስታ ጀመረች። ክንዷ እስኪዝል ፋቀች። አንዳንዱ አንዴ ሲነካ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ተጣብቆ ያስቸግራል። ሲያልቅ የላጲሱን ፍርፋሪ በመዳፏ ጠርጋ በመስኮቱ በተነችውና ሁለቱን ፎቶዎች ለጠፈች። «እትዬ ላጲስ፣ ዛሬስ ራስሽን በለጥሽ!» አሏት። ደስ ብሏት አመሸች።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከማድረቂያው አጠገብ ቁጭ ብላ ስልኳን ከፈተች። ጋሽ ካርቶን ረዘም ያለ ነገር ጽፏል።

«ወገኖቼ፣ አንዲት እናት ተጨንቀው ደውለውልኛል። ባለፈው ከሸጥኩላችሁ መካከል ስለ ባሕር ጉዞ የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የገባው በስህተት ነው። ባለቤታቸው ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ከተዘጋ በኋላ፣ እስኪያርፉ ድረስ ያን መጽሐፍ ሲያነቡ በእርሳስ ጽፈውበታል። መናገር ስለማይችሉ፣ ያሰቡትን የሚሉት እዚያ ላይ ነበር። መጽሐፉ ያለው ሰው እባካችሁ ለእኚህ እናት ይድረስላቸው።»

ክው አለች። ማድረቂያዎቹ ይዞራሉ፣ ተኳሿ የሆነ ዘፈን ታንጎራጉራለች፣ ማንም አላያትም። ፊቷ ግን እንፋሎት እንደመታው ነደደ፣ ጆሮዋ ድረስ።

ከዚያ ያደረገችውን ሳታስብ አደረገችው። ወይም አስባ ነው፤ እስከ ዛሬ ለራሷም አልተለየላትም። ሁለቱን ፎቶዎች ከቻናሉ ላይ አጠፋች። ከስልኳም አጠፋች። ስልኳ ቶሎ ስለሚሞላ የጣለችውን ከቅርጫቱ የማራገፍ ልማድ ነበራት፤ እሱንም አራገፈች። እፎይ ብላ ስልኩን ወደ ሽርጧ ኪስ ስትከት ነው የገባት። ከሁሉ የባሰ ያለችው ገጽ ከሁሉ የበለጠ የተጻፈበት ነበር። ከዚያ ሰው ንግግር በዓለም ላይ የተረፈው ያ ፎቶ ብቻ ነበር። መጽሐፉን ሳታውቅ ነው የፋቀችው፤ ፎቶውን ግን አውቃ።

«ምነው፣ ፊትሽ ሳንባ መሰለ?» አለች ተኳሿ።

ስልኩን አውጥታ ሰጠቻት። ተኳሿ ቆማ አነበበችና ትከሻዋን ሰበቀች።

«እና ምን ሰረቅሽ? የገዛ ገንዘብሽ ነው። የራስሽን መጽሐፍ ነው ያጸዳሽው።»

«ፎቶውንም አጠፋሁት። አሁን።»

«ኧረ እሱን እንኳን…» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። ጠጋ አለቻት። «ስሚኝ። በሞተረኛ ላኪላቸው። ከፍተው ባዶ ሲያዩ ሌላ ቅጂ ነው ይላሉ። አለቀ፣ ደቀቀ። አንቺም አላየሽ፣ እሳቸውም አልቀየሙ።»

ምክሩ ንጹሕ ነበር። ያስፈራትም ንጽሕናው ነው።

ማታውኑ፣ እራት ሳይቀርብ፣ ጋሽ ካርቶን ደወለ።

«እትዬ ላጲስ፣ ይቅርታ ስደውልብሽ። ያ የባሕሩ መጽሐፍ ለአንቺ አልነበር የላክሁት? ፎቶም ለጥፈሽ ያየሁ ይመስለኛል፤ አሁን ስፈልገው አጣሁት።»

«የለም፣ እሱ ሌላ ነው» አለችው። ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ወጣ። «የኔ የባሕር አይደለም። የወንዝ ነው።»

«በቃ፣ ካልሽ ነው። አንቺ አትዋሺም። እኔ ነኝ ያምታታሁት፣ ካርቶኑ ብዛቱ!» ብሎ ሳቀና ይቅርታ ጠይቆ ዘጋ።

ስልኩን ይዛ ቆመች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። ባሏ የሚሞርደውን ማጠፊያ አስቀምጦ ያያታል።

«ማን ነው?»

«የመጽሐፉ ሰውዬ።»

«የምን ወንዝ ነው?»

ሁሉንም ነገረችው። «ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸሁት» አለች። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እሱ ግን «ብትሄጂስ የምትወስጂላቸው ምኑን ነው? ባዶውን?» አላት። ጥያቄው ክፋት የለበትም፤ የቸገረው ሰው ጥያቄ ነው።

መጽሐፉን በትራስ ልብስ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ማንበብ አልሆነላትም። ሌላ መጽሐፍ ብትከፍት ዓይኗ ቃሉን ትቶ ወደ ዳር ወደ ነጩ ይሄዳል። ሥራ ቦታ «እትዬ ላጲስ» ብሎ በቀልድ የጠራት ሁሉ የሰደባት ይመስላታል። አንሶላ ስትፈትግ፣ ይሄ የማን ነው፣ ምን ሆኖ ነው፣ እያለች እጇ መሃል ላይ ይቆማል። ተኳሿ ታዝባ፣ «እድፉን ልታስለቅቂው ነው ልታስታምሚው?» አለቻት። አልሳቀችም።

እሷን ያስነሳት ወቀሳ አልነበረም። ወቀሳ ቢሆን ትሸሸው ነበር። ጋሽ ካርቶን ከባልቴቷ የተላከ ነው ብሎ ሌላ መልእክት አወጣ፦ «መጽሐፉ ያለህ ልጄ ወይም ያለሽ ልጄ፣ አልፈርድባችሁም። የሱን ጽሕፈት እያነበባችሁ ወዳችሁት ይሆናል፤ ሰው የሚያስቅ ነበር። መጽሐፉ እዚያው ይቅርላችሁ። ገጾቹን በፎቶ አንስታችሁ ብቻ ላኩልኝ።»

ወዳችሁት ይሆናል። ይቺን ቃል ልትሸከማት አልቻለችም። ደወለች።

«ጋሽ ካርቶን፣ መጽሐፉ እኔ ጋ ነው። ዋሽቼሃለሁ።»

«ያ ፎቶ ላይ ያየሁት… እሱ ነበር ማለት ነው?»

«እሱ ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማች። «አድራሻቸውን እልክልሻለሁ። ትመጣለች ብቻ እላቸዋለሁ፤ የሆነውን አንቺ ንገሪያቸው። ብቻ፣ እትዬ፣ በሞተረኛ እንዳትልኪው።»

ባልቴቷ የምትኖረው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ነው። የእጅ መደገፊያው በሰው እጅ ተልጦ ብረቱ ያበራል። ደወሉን ከመጫኗ በፊት ደረጃው ላይ ትንፋሿን ልትሰበስብ ቆመች፤ መመለስም አማራት። በሩ ግን ቀድሟት ተከፈተ። ረዘም ያለች፣ ነጭ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት ናት።

«እርምጃሽን ሰምቼ ነው። ግቢ፣ ግቢ የኔ እናት! ይሄን ሁሉ ደረጃ! እኔ ጡረታ እስክወጣ ስልክ ቤት ነበር የሠራሁ፣ ሰው ከሰው ሳገናኝ ነው የኖርኩት። ጆሮዬ ገና ነው።»

ሳሎኑ ውስጥ ያለው መደርደሪያ ባዶ ነው፤ መጻሕፍቱ የነበሩበት ቦታ አቧራው ላይ ይታያል። ባልቴቷ የእንግዳዋን ዓይን ተከትላ አየች።

«እኔው ነኝ የሰጠሁት ካርቶኑን። ሳየው ያመኝ ነበር። ያ አንዱ ትራሱ ስር ያለ መስሎኝ… ይሁን። ይኸው አንቺን አመጣልኝ።»

እድፍ አስለቃቂዋ መጽሐፉን ከትራስ ልብሱ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ባልቴቷ መነጽሯን አጠለቀች። ሽፋኑን ዳሰሰች። ከፈተች። ገለበጠች፣ ደግሞ ገለበጠች፣ ወደ መሃል ሄደች፣ ወደ መጨረሻው ሄደች። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ወረደ። ግን አልተቆጣችም፤ ከዚህ የባሰ ነገር አደረገች። እንግዳዋን ልታጽናና ፈገግ አለች።

«ይሄ አይደለም የኔ እናት። ይሄ ሌላ ነው፣ ንጹሕ ነው። የሱማ ተጽፎበታል። ውይ፣ በከንቱ አደከምኩሽ።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተላት ማለት ነው። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። «እንግዲያው ልሂድ» የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

«እሱ ነው» አለች። «ሌላ አይደለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ በላጲስ።»

ባልቴቷ አልገባትም። «ምኑን?»

«የጻፉትን። ሁሉንም። እድፍ መስሎኝ። አንድ ገጽ በፎቶ ቀርቶ ነበር፤ እርስዎ መፈለግዎን ሳነብ አፍሬ እሱንም አጠፋሁት። ለጋሽ ካርቶንም እኔ ጋ የለም ብዬ ዋሸሁ።»

ባልቴቷ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተነሳች። ወደ ወጥ ቤት ገባች። ውሃ ሲወርድ ተሰማ፤ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ እቃ አይነካም። እድፍ አስለቃቂዋ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ኩምሽሽ ብላ ተቀምጣለች። ሹልክ ብላ ልትወጣ ትችል ነበር፤ አልወጣችም። ባልቴቷ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች።

«አንብበሽዋል?»

«አላነበብኩትም።»

«አንድ ቃል እንኳ?»

«አንድ ቃል። ብዙ ቦታ ስለተደጋገመ ዓይኔ ላይ ቀርቷል። ‹ውሸት!› የሚል።»

ባልቴቷ ሳል የመሰለ ነገር አወጣች፤ ሳቅ ነበር። «ውሸት! ሬዲዮኑንም እንዲሁ ይል ነበር። ዜናውን ውሸት፣ ማስታወቂያውን ውሸት! ነገ ይዘንባል ሲሉ እንኳ ውሸት! ድምፁ ከሄደ በኋላ ጠረጴዛውን ይመታ ነበር፤ ውሸት ማለቱ ነው።» ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። እድፍ አስለቃቂዋ ወለል ወለሉን አየች።

«ይቅር ብዬሻለሁ ልልሽ አልችልም» አለች ባልቴቷ። «ዛሬ አልችልም። አፌ ቢልሽ ውሸት ነው።»

«እሱን ፈልጌ አልመጣሁም።»

«የት የት ነበር?»

«ምኑ?»

«ጽሕፈቱ። ቦታውን ታውቂዋለሽ?»

ታውቀው ነበር። የሰው ፊት ትረሳለች፣ የእድፍን ቦታ ግን እጇ አይረሳም። ባልቴቷ ወንበሯን አስጠግታ መጽሐፉን በመካከላቸው ዘረጋችው፤ ከመሳቢያ እርሳስ አወጣች።

«እዚህ ጥግ ላይ ረጅም ነበር» አለች እድፍ አስለቃቂዋ ጣቷን አሳርፋ። «አጥብቀው ነው የጻፉት። ላጲሱ አልለቅ ብሎኝ ደጋግሜ…» የገዛ ቃሏን ስትሰማ አፏ ተያዘ።

«ቀጥዪ።»

«አጥብቀው ነው የጻፉት።»

ባልቴቷ ጎንበስ ብላ የታተመውን አነበበች። መርከበኛው እንዴት ያለ ማዕበል ሳይፈራ እንዳለፈ ይተርካል። «እዚህ ላይማ ተናዶበታል» አለች። «ፎካሪ አይወድም ነበር።» በቦታው ላይ በእርሳሷ ትንሽ ነጥብ አደረገች።

«እዚህ ደግሞ ለስለስ ያለ፣ ወደ ታች የሚወርድ። አንዴ ሳልፍበት ነው የጠፋው።»

«የማስታገሻ መርፌውን ከተወጋ በኋላ ይሆናል።» ነጥብ።

እንዲህ እያሉ ሄዱ። እድፍ አስለቃቂዋ በነካች ቁጥር ያ የተደሰተችበት ንጣት ዓይኗን ይወጋታል። ባልቴቷ አታጽናናትም፣ አትሰድባትም፤ ትጠይቃለች፣ ነጥብ ታደርጋለች። ከመጽሐፉ ማብቂያ አካባቢ፣ ከአንድ ምዕራፍ መጨረሻ በኋላ ሰፊ ባዶ ቦታ ባለበት ገጽ ላይ፣ እርሳሱን አቆመችው።

«እዚህስ?»

«ነበር።»

«አንድ ቀን መጽሐፉን ወደ እኔ አዙሮ እዚህ ጋ በጣቱ ሲያሳየኝ፣ መነጽሬ ሌላ ክፍል ነበር። በኋላ አየዋለሁ አልኩት። በኋላ…» ባልቴቷ ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ስሜን ጽፎ ነበር?»

አዎ ማለት ምን ይጎዳል? አንዲት ቃል ናት። ባልቴቷም አዎ እንድትላት እየለመነቻት ነበር፤ ፊቷ ሁሉ ልመና ሆኗል። «አዎ» ምላሷ ጫፍ ደረሰ።

«አላውቅም» አለች። ከዚህ በፊት ያፈረችውን ሁሉ ቢደምሩት ይቺን አያክልም። «አላነበብኩትም። ሁለት መስመር ነበር፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። ከዚያ በላይ ብልዎት ውሸት ነው።»

«አጭርና ረጅም» አለች ባልቴቷ ለራሷ። እዚህ ቦታ ላይ ነጥብ አላደረገችም። መዳፏን ዘርግታ ነጩን ሸፈነችው፤ የሚሞቅ ነገር እንደምትዳስስ አሳርፋ ያዘችው። ከዚያ እጇን አነሳች።

«ገልብጪ» አለቻት።

ገለበጠችላት።